የሰው ትንፋሽ

ባለፈው ወር ልምምድ ላይ ክላሪኔት ይዛ አዲስ የገባች ያገሬ ልጅ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የስሜታናን ‹ቭልታቫ› ሲነፉ የሚያስቡት የትኛውን ወንዝ ነው? ዓባይን?»

ሙዚቃው የቼኩ አቀናባሪ በአገሩ ወንዝ ስም የጻፈው ነው። ምንም አላስብም አልኳት፤ እቆጥራለሁ እንጂ። ቅር አላት።

የኦርኬስትራችን መሪ ከልምምድ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሃውን እዩት ይሉናል። በዚህ ስንከራከር አራት ዓመት ሆነን። ወንዙን ማየት ያለበት ትኬት ቆርጦ የመጣው ሰው ነው። ዓይኑን የጨፈነ ነፊ የባልደረባውን ትከሻ አያይም፤ እዚያ መግቢያ ላይ ደግሞ ከውሃው ይልቅ ትከሻ ይበልጣል።

መግቢያው የሁለት ፍሉት ነው። ቫዮሊኖቹ ክራቸውን በጣት ቆንጠር፣ ሃርፑም ጠብ ያደርግለታል እንጂ ሸክሙ የኛ ነው። አንደኛዋ ፍሉትና እኔ አብረን የወንዙ አንደኛው ምንጭ ነን፤ ሁለተኛው ከኛ ቀጥለው የሚገቡት ክላሪኔቶች ናቸው። ዜማው ከሷ ወደኔ፣ ከኔ ወደሷ ይመላለሳል። ሰሚው መጋጠሚያውን ካወቀው ወንዝ የለም። ስለዚህ እኔ የምገባው እሷ ስትተነፍስ ሳይሆን ለመተንፈስ ስታስብ ነው። ኖታዬ ላይ በእርሳስ የማሰፍረውም የራሴን ትንፋሽ ሳይሆን የሷን ነው። ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስሜታና ይህን ሙዚቃ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1874 ማብቂያ ላይ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ ጨርሰው ከደነቆሩ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ነው። ወንዙ ታይቶት ይሆናል፣ አልከራከርም። የኛን ማለክለክ ግን አልሰማም።

ዓባይንማ ያየሁት አንዴ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ያደግሁት ቀበና ወንዝ ዳር፣ ክረምት ሲሞላ ነጠላ ጫማና የተቀደደ ጄሪካን እያንሳፈፈ ሲያልፍ እያየሁ ነው። እሱን እያሰብኩ ብነፋ ኮንሰርቱ ምን ሊመስል ነው?

ቀን ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ። መስታወት ቤት ውስጥ ብቻዬን ስምንት ሰዓት፤ የማየው የሚዘረጋ እጅና ካርድ ነው። ማክሰኞ ማታ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን የሰው ትንፋሽ እጠብቃለሁ። ሚስቴ ለምን አንደኛ አያደርጉህም ትለኛለች። መልሼላት አላውቅም።

የኮንሰርቱ ዕለት አንደኛዋን ጉንፋን ይዟት ነበር። ትከሻዋ ምልክት ካደረግሁበት ሁለት ምት ቀድሞ ተነሣ። ገባሁ። ክላሪኔቶቹ ከኋላችን ሳይዛነፉ ተቀበሉን።

ከመድረክ ስንወርድ የልጅቷን ኖታ አየሁት። ከመግቢያዋ በላይ በእርሳስ ትከሻ ሥላበታለች፤ የኔን፣ የጎበጠውን።