ገድለ ላሊበላና የመልካም መሪ መለኪያ

ከላሊበላ ተነሥቶ በብልባላ በኩል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚዘልቅ ሰው፣ ብልባላ ጊዮርጊስንና ብልባላ ቂርቆስን ከአለት ተፈልፍለው ያያል፤ ከዚያም በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ይመለከታል። የላስታ ምድር በሕንጻዎቿ ስትደነቅ ኖራለች። ስለ መልካም አስተዳደር የሚናገረው የጽሑፍ ቅርሷ ግን የሚገባውን ያህል ሒስ አላገኘም።

«ይምርሐነ ክርስቶስ» የሚለው ስም ራሱ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው፤ «መሪ» የሚለውም ቃል የወጣው ከዚያው ከግእዙ «መርሐ» ነው። ሕዝቡን የሚመራው ንጉሥ እርሱም መሪ እንደሚያሻው በስሙ ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 ዓመት እንደ ኖረ የሚነገርለት ቻይናዊው ኮንፊሽየስም ስም ከግብር ጋር እንዲስማማ፣ ንጉሥም ንጉሥነቱን በሥራው እንዲያስመሰክር ያስተምር ነበር። እንግዲህ ጥያቄው የላስታ ደራስያን የንጉሥን ስም በምን ግብር መዘኑት የሚለው ነው።

ገድለ ላሊበላ ለዚህ ግልጽ መልስ አለው። ንጉሡ ለሕንጻው ሠራተኞችን በሰበሰበ ጊዜ፣ ማንም «ተገድጄ ሠራሁ» እንዳይል እያንዳንዱ የሚሻውን ደመወዝ ራሱ እንዲናገር አዘዘ፤ የተጠየቀውንም ከፈለ ይላል። ገድሉ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ በመሆኑ፣ ይህ ቃል ደመወዙ በእርግጥ ለመከፈሉ ማስረጃ አይሆንም። ደራሲው ከንጉሥ ምን ይጠብቅ እንደ ነበር ግን ያስረዳል። የግዳጅ ሥራ የተቀደሰውን ሕንጻ እንኳ እንደሚያጎድፍ ተረድቷል፤ የድርሰቱም ታላቅነት እዚህ ላይ ነው።

ድክመቱም ከዚሁ አጠገብ ይገኛል። ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት አብዝተው ሲያድሩ፣ የጠራቢው ጥበብና ድካም በተአምሩ ጥላ ይሸፈናል። ሌላው የቻይና ሊቅ ሜንሲየስ ሕዝብን ከንጉሥ አስቀድሞ ነበር። በዚህ ሚዛን ሲታይ ገድሉ እመንገድ ላይ ይቆማል፤ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ ይጠየቃል እንጂ ስለ አገሩ አስተዳደር ምክሩ አይጠየቅም።

ስለሆነም ገድሉን ተረት ነው ብሎ መጣልም ሆነ እንዳለ መቀበል ለትምህርት አይበጅም። መምህሩ ሁለቱን ገጽታዎች አጣምሮ ሊያስተምር፣ ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም ደመወዙን በራሱ አንደበት የተናገረውን ጠራቢ ከመላእክቱ ጎን ሊያቆሙት ይገባል።