የወረቀት እጥፋትና የኮምፒውተር ንድፍ በሕንፃ ሞዴል ትምህርት፤ ለማረሚያ ቤት ያለው ጥቅምና ጉድለት

የሕንፃን ቅርጽ ወረቀት አጥፎ ማሳየት አዲስ ዘዴ አይደለም። ጆሴፍ አልበርስ በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎቹ ወረቀት በማጠፍ የቁስን ጠባይ እንዲመረምሩ ያደርግ ነበር። ጃፓናዊው አርክቴክት ማሳሂሮ ቻታኒም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነጠላ ወረቀት ተቆርጦና ታጥፎ ሕንፃ ሆኖ የሚነሣበትን ጥበብ አስፋፍቷል። ዛሬ ደግሞ እንደ ፔፓኩራ ዲዛይነር ያሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በስክሪን ላይ የተሠራውን ጠጣር ቅርጽ ዘርግተው፣ የሚታጠፈውን መስመርና ሙጫ የሚቀባውን ክንፍ ለይተው ያትማሉ።

ለዚህ ዘዴ እንደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያለ ስፍራ ጥሩ መመዘኛ ነው። ወረቀት ርካሽ ነው፤ ሥራውም ወርክሾፕና ስለታም መሣሪያ እምብዛም አይሻም። ይሁን እንጂ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት የማንዴላ ደንቦች በቁጥር 104 የታራሚዎች ትምህርት በተቻለ መጠን ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር እንዲቀናጅ ይጠይቃሉ። ስለሆነም ዋናው ጥያቄ ሞዴሉ ማማሩ ሳይሆን፣ ታራሚው ከእስር ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ነው።

ለምሳሌ የጎጆ ቤት ጣሪያ ይወሰድ። የግርጌው ሬዲየስ 3 ሜትር፣ ከጉልላቱ እስከ ክፈፉ ያለው ዘመም ርዝመት 5 ሜትር ቢሆን፣ በ1፡50 ሚዛን 6 እና 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ጣሪያው ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ክብ ይቆረጣል፤ ማዕዘኑም 360 በ6/10 ተባዝቶ 216 ዲግሪ ነው። የተጠናቀቀው ጣሪያ ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር ሲወጣ የፓይታጎረስ ሕግ በእጅ ይዳሰሳል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ በቅጽበት ያወጣል፤ ምክንያቱን ግን አያስረዳም። ታትሞ የወጣውን ብቻ የሚያጣብቅ ተማሪ ሙጫ ቀቢ እንጂ ሞዴል ሠሪ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉድለት ከቅርጹ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ጋውስ በ1827 (እ.ኤ.አ.) ካረጋገጠው ሕግ እንደሚከተለው፣ የሉል ገጽ ሳይለጠጥ ወይም ሳይሸበሸብ ሊዘረጋ አይችልም። ፕሮግራሙ ክብ ጉልላትን በብዙ ጠፍጣፋ ቁራጮች ተክቶ ያልፋል፤ መምህሩ ካልገለጸው ተማሪው ይህ መተካት መሆኑን አይረዳም።

ሦስተኛውና ከባዱ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ይታያል። የመስቀል ቅርጹ በወረቀት በትክክል ይወጣል። ሆኖም 12 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ እንጂ ከግድግዳዎች የተገጣጠመ አይደለም። የወረቀቱ ሞዴል ውጤቱን እያሳየ አሠራሩን ይደብቃል። ለዚህ ዓይነቱ ሕንፃ ለስላሳ ሸክላ ጭቃ በእንጨት መፈልፈያ መቅረጽ የበለጠ ያስተምራል።

ከዚህ አኳያ ዘዴው መጣል ሳይሆን በቅደም ተከተል መደራጀት ይገባዋል። አንደኛ፣ ዝርግ ንድፉ በማስመሪያ፣ በእርሳስና ኮምፓስ በሌለበት በክር በእጅ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ባለበት ማረጋገጫ እንጂ መነሻ አይሁን፤ በሌለበትም ትምህርቱ አይቋረጥ። ሦስተኛ፣ ማርክ የሚሰጠው ለተጣበቀው ሞዴል ውበት ሳይሆን፣ ልኬቱ ከተሰጠ ፕላን ተነሥቶ ዝርግ ንድፉን ለማውጣት ለሚያስችል ችሎታ ይሁን። ይህ ችሎታ ቆርቆሮ ቀጥቃጩም፣ አናጢውም፣ ልብስ ሰፊውም ዘወትር የሚሠሩበት በመሆኑ ከማረሚያ ቤቱ በር ውጭም እንጀራ ያበላል።