ኮርቻው ሲወርድ

የፈረሰኞች በዓል የሚውልበት ጥር 23 ሲቃረብ በአዊ፣ በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ ፈረስ ያለው ቤት ሁሉ እጁ ሥራ አይፈታም። ግላሱ ከተሰቀለበት ወርዶ ይራገፋል፣ የልጓሙ ዝገት ይፋቃል፣ የሳሳው ጠፍር ሳይበጠስ ይለወጣል። ታላቅ ወንድም ኮርቻውን ሲጠግን ታናሹ ፈረሱን ወንዝ አውርዶ ያጥባል። ከዚያ ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዳንግላ፣ ከሌላውም የአዊ ወረዳ የተነሣው ፈረሰኛ ወደ እንጅባራ ይተምማል። ሜዳው ላይ ጉግሱ፣ ሽርጡና ስግሪያው ይደምቃል፤ የሚጨበጨበውም ለፈጣኑና ላጌጠው ነው።

ፈረስ በማሳደግ የኖረ ሰው ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ያማረ ግላስ የለበሰ ፈረስ ሲያልፍ፣ ከግላሱ ሥር ያለው ጀርባ ምን እንደሚመስል ያስባል። ያ ጀርባ የዓመቱን ሙሉ ሥራ ይዟል፤ ሥራውም በአብዛኛው የልጆች ነው።

ይህን በዓል የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ፈረስ በዓድዋ ጦርነት የዋለውን ውለታ መዘከርን ዓላማው አድርጎ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያለ በፈረስ ስማቸው ለሚጠራ አገር የሚገባ ሐሳብ ነው። ዛሬ የማኅበሩ አባላት ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ሥራውም በዓል ማክበር ብቻ አይደለም፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ አባል ሲሞት በፈረስ ይሸኛል፣ የተቸገረ ይረዳል።

ፈረሱም ቢሆን ለበዓል ብቻ የሚቀለብ አይደለም። በሌላው አገር የበሬ የሆነውን ቀንበር በአዊ ደጋ ፈረስ ይሸከማል። ያርሳል፣ ገብስና ድንች ገበያ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል። በዓሉ በጥር መዋሉ ለእንስሳው ተስማምቶታል፤ አዝመራው ተሰብስቧል፣ ፈረሱ የመስከረምና የጥቅምትን ሣር ጠግቦ፣ እህል በተነሣበት ማሳ ላይም ተለቆ ገላው ሞልቷል፣ ጭቃው ደርቆ መሬቱ ለሰኮና ጠንክሯል።

ልጅ ወደዚህ ሙያ የሚገባው በግልቢያ ሳይሆን በጥበቃ ነው። ውርንጭላ 11 ወር ያህል ተረግዞ ሲወለድ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ይራመዳል። በነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ቀርቦ የዳበሰው ልጅ በኋላ ብዙ ትግል ይቀርለታል። መዳፉ ላይ ጨው ይዞ ይጠጋል። ውርንጭላው ያሸታል፣ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይልሳል። ልጁ በዚህ መሀል ሌላውን እጁን ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ እግር እያወረደ ያስለምደዋል። እግሩን ማስነሣት የሚማረው ገና ጉልበቱ ሳይጠና ነው፤ አድጎ ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ሲሰነቀር ለመማር ጊዜ የለም።

«አንተ ልጅ፣ በኋላው አትምጣበት! ድምፅህን አሰማው!» የሚለው የአባት ተግሣጽ ምክንያት አለው። የፈረስ ዓይኖች በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከጭራው ጀርባና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም። ያላየው ነገር ሲነካው ይራገጣል። ይህን እንደ ክፋት ቆጥሮ የሚመታ ልጅ ጥሩ ፈረስ ያበላሻል።

ትዕግሥት የሚፈተነው ፈረሱ መቼ ይጫን በሚለው ላይ ነው። ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል። የፊት የወተት ጥርሶቹ በየጥንዱ ይለወጣሉ፤ መሀለኞቹ በሁለት ዓመት ተኩል፣ ተከታዮቹ በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ። የአከርካሪው አጥንት ማደጉን የሚጨርሰው ከዚያም በኋላ ነው። ቁመናው ያማረ የሁለት ዓመት ፈረስ ለዘንድሮ ጥር ለማድረስ መጓጓት የወጣት ወግ ነው፤ አባት የሚያስፈልገውም «ይቆይ» ለማለት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ቀላል ልጅ ይውጣበት፣ በእርምጃ፣ ለአጭር መንገድ። ጉግስ ጥርሱ ሞልቶ ይደርሳል።

ልጓሙም ለልጅ እጅ ከባድ መሣሪያ ነው። በነባሩ ያገራችን ልጓም፣ አፍ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የተያያዘ ቀለበት የታችኛውን መንጋጋ ያቅፋል። ዛቡ ጠንከር ተብሎ ሲሳብ ምላሱም መንጋጋውም ይጨነቃል። ሚዛኑን በዛብ የሚጠብቅ ጀማሪ ሳያውቀው በየእርምጃው ያሠቃየዋል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ልጁን መጀመሪያ ልጓም በሌለው፣ ሌላ ሰው በገመድ በያዘው ፈረስ ላይ ጋማ አስይዞ ያስቀምጠዋል። ጭኑ ሲጠና ዛብ ይሰጠዋል።

ከሁሉ የከፋው ግጣብ ነው። የኮርቻው አጥንት እንጨት ነው፤ ክብደቱ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማረፍ አለበት። አከርካሪው ላይ ከተኛ፣ ከሥሩ የገባው አጎዛ ከታጠፈ፣ ወይም የትናንት ላብና አቧራ ካደረቀው አንድ ረጅም መንገድ ለቁስል ይበቃል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ቀላል ብልሃት አለ። ከጉዞ በኋላ ኮርቻው ሲነሣ ጀርባው እኩል ካላበው ደህና ነው፤ በላቡ መሀል ደረቅ ቦታ ከታየ እዚያ ላይ ኮርቻው ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ልጁ ያን ቦታ በመዳፉ ጫን አድርጎ የፈረሱን ጆሮ ይይ፤ ወደ ኋላ ካጠፈው አሞታል። የዳነ ግጣብ ብዙ ጊዜ ነጭ ፀጉር ያበቅላል፤ በዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ የተበተነ ነጭ ነጥብ ያለፈውን አያያዝ ሁሉ ይመሰክራል።

በበዓሉ ዋዜማ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፦ ጉልበት እንዲሆነው ተብሎ የሚሰጥ የገብስ ብዛት። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ድንገት የበዛ እህል በቁርጠት ሊገድለው፣ ባይገድለው ሰኮናውን ሊያነድደው ይችላል። ገብስ መጨመር ካለበት በሳምንታት፣ በእፍኝ በእፍኝ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ድሮ በግጦሽ ሜዳ ሲውሉ የሚቀሰም ነበር። አሁን ሜዳው ጠቧል፤ በፋግታ ለኮማና በባንጃ ብዙ መሬት ለከሰል በሚሆነው ዲከረንስ በተባለ ዛፍ ተሸፍኗል። ልጁም ትምህርት ቤት ይውላል፤ መዋልም አለበት። ስለዚህ በጥበቃ የሚገኘው ትምህርት ሆን ተብሎ ሊሰጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አሜሪካኖች ከሚያደርጉት የሚወሰድ ነገር አለ። በ1902 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በክላርክ ካውንቲ ከተጀመረው የወጣቶች ክበብ ያደገው ፎር ኤች፣ ልጆች ጥጃ፣ በግ ወይም ፈረስ ለወራት አሳድገው በየካውንቲው ትርኢት ላይ እንዲያቀርቡ ያደርጋል። ከውድድሮቹ አንዱ የሚመዝነው ልጁን ነው፤ እንዴት እንደሚመራው፣ እንዴት እንደሚያቆመው፣ ምን እንደሚያበላው ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ። ለሥጋ ያደገው ከብት ብዙ ጊዜ በትርኢቱ መጨረሻ በጨረታ ይሸጣል። የአዊ ልጅ ግን ፈረሱን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ የአያያዙ ጥያቄ ለእሱ የበለጠ ይከብዳል።

እናም በእንጅባራው ሜዳ፣ ከጉግሱ በፊት፣ ለወጣቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት ቢመደብ መልካም ነው። ልጁ ፈረሱን ያለ ግላስ ይዞ ይግባ። ኮርቻውን ራሱ አውርዶ ጀርባውን ያሳይ፣ አራቱንም እግሮች በተራ ያንሣ፣ የፈረሱን ዕድሜ ከጥርሱ ላይ እያሳየ ይናገር። ዳኞቹ የማኅበሩ ሽማግሌዎችና የወረዳው የእንስሳት ሐኪሞች ይሁኑ፤ ግጣብ የተገኘበትንም ፈረስ ሐኪሙ እዚያው ያክመው፣ ልጁም ለቀጣዩ ጥር እንዲመለስ ይነገረው። ለአሸናፊው ሽልማቱ አዲስ አጎዛና በልኩ የተሠራ ኮርቻ ቢሆን ፈረሱም ይካፈለዋል።