ሳይታተም የቀረው ርዕስ

ጋዜጦች ሥራ ያቆመን ሠራተኛ በምን ዐይን እንደሚያዩት ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ሳይታተም የቀረ ርዕስ ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 1984 ነበር። የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች፣ 20 ጉድጓዶችን ዘግቶ 20,000 ያህል ሰው ከሥራ የሚያስወጣውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ካቆሙ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋል። የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት አርተር ስካርጊል በሰልፍ ላይ እጁን ከፍ አድርጎ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ ለ«ዘ ሰን» ጋዜጣ የፊት ገጽ ተመረጠ። ርዕሱም ሂትለር ይጠራበት የነበረውን የጀርመንኛ ማዕረግ ከእንግሊዝኛው «ማዕድን» ጋር በድምፅ ያጋባ ነበር። ቀልዱ ብልህ ነው፤ ክፋቱም እዚያው ላይ ነው፤ የሳቀ አንባቢ ማስረጃ አይጠይቅምና።

የማተሚያ ክፍሉ ሠራተኞች ግን ፎቶውንም ርዕሱንም አንነካም አሉ። ጋዜጣው ሁለቱንም ሳይዝ ወጣ፤ ይህንንም ያደረገው ሳይወድ መሆኑን በዚያው ገጽ ለአንባቢው ገለጸ።

ብዙዎች ይህን እንደ ድል ይተርኩታል፤ እኔም የማተሚያ ሠራተኞቹን ድፍረት አከብራለሁ። ሆኖም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። በተሰረዘው ርዕስ ቦታ የተተካው ስለ ርዕሱ መቅረት የሚናገር ቃል እንጂ ስለ ጉድጓዶቹ መዘጋት አልነበረም። ስድቡ ወጣ፤ ምክንያቱ ግን አልገባም።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ርዕስ ሰጪው ቀልድ መፍጠር እንኳ አያስፈልገውም። «አድማ» ሥራ ማቆምንም ሤራንም በአንድ አፍ ይጠራል። «አድመኛ» የተባለ ሰው ጥያቄው ሳይሰማ ተከሷል።

ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በ2008 የለንደን የምድር ባቡር ጽዳት ሠራተኞች ለከተማዋ ኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ፣ በአንዲት የስደተኞች መጽሔት ላይ «አድመኞች ለንደንን አወኩ» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ለንደን በእነርሱ ምክንያት መታወኳንም አላጣራሁም ነበር። በሳምንቱ ከሠራተኞቹ አንዷ የሆኑ ኢትዮጵያዊት እናት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ከማን ጋር ዶልቼ ነው? መጥረጊያዬን ነው ያስቀመጥሁት።»

መልስ አልነበረኝም። ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ያን ቀድሞ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። በሚቀጥለው እትም የነገሩኝን ጻፍሁ። ለርዕሱ ግን «አድማ»ን የሚተካ አጭር ቃል ፈልጌ አጣሁ። «ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች» አልሁ፤ ከዓምዱ ስፋት ስለ በለጠም ፊደሉን አሳነስሁት።