ወደኋላ ተመልሶ የሚሠራ የኪራይ ሕግና የአከራይ የንብረት መብት

በኒው ዮርክ ከተማ የአንድ አፓርታማ የኪራይ ውል የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1920 ነበር። ተከራዮቹ የውሉ ዘመን ሲያልቅ ቤቱን ለማስረከብ ፈርመዋል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ግን ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 27፣ ተመጣጣኝ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ውሉ ቢያልቅም እንዳይባረር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ተከራዮቹ አልለቀቁም። አከራዩ ማርከስ ብራውን ኩባንያም ንብረቴ ተወሰደ፣ ውሌም ፈረሰ ሲል ከሰሰ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ክርክርና ከዋሽንግተን የመጣ ሌላ ክርክር ኤፕሪል 18 ቀን 1921 አንድ ላይ ወሰነ። የዋሽንግተኑ ባለቤት ሕንፃውን የገዛው ተከራዩ እያለበት ነበር፤ ውሉ በ1919 መጨረሻ ሲያልቅ ራሱ ሊገባበት ፈለገ። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ያወጣው ሕግ ግን ባለቤቱ ለራሱ ቢፈልገውም እንኳ አስቀድሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እሱ ደግሞ አልሰጠም። ሁለቱም አከራዮች 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ተረቱ። ዳኛ ሆምስ በጻፉት ፍርድ ሦስት ነገሮች ሚዛን ደፍተዋል፦ የጦርነቱ ማግስት የቤት እጥረት፣ የሕጉ ጊዜያዊነት፣ ለአከራዩም ተመጣጣኝ ኪራይ መረጋገጡ። ዳኛ ማኬና በልዩነት ሐሳባቸው ውልንና ንብረትን የሚጠብቁት ድንጋጌዎች በችግር ጊዜ ከላሉ ምን ይረባሉ ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም፤ ያው ፍርድ ቤት በ1924 ችግሩ ካለፈ ሕጉም መሠረት ሊያጣ እንደሚችል አምኗል።

ከ1921ዱ ፍርዶች በስተጀርባ ያለው ልዩነት ሕጉ የነካው ምን እንደሆነ ነው። ውሉ የቆየ ቢሆንም ማስለቀቁ ገና ወደፊት የሚፈጸም ነበር። አከራዩ ያጣው ተስፋ ያደረገውን እንጂ ተፈጽሞ በእጁ የገባ ነገር አይደለም። ያለፈ ድርጊት ያስከተለውን ውጤት የሚለውጥ ሕግ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 ወደኋላ ተመልሶ መሥራትን በግልጽ የሚከለክለው በወንጀል ሕግ ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ የአሜሪካውም ክልከላ ከ1798 ጀምሮ በወንጀል ተወስኖ ተተርጉሟል። ስለዚህ አከራዮች መከራከር የሚችሉት በተገቢ የሕግ ሥርዓት፣ በውልና በንብረት ድንጋጌዎች ነው።

ይህ ሌላው ጥያቄ ጎልቶ የወጣው ኒው ዮርክ በጁን 2019 የተከራይ ጥበቃ ሕጓን ስታጠናክር ነው። በኪራይ ቁጥጥር ሥር ባለ ሕንፃ ውስጥ ባለቤቱ ለራሱ መኖሪያ ማስለቀቅ የሚችለው አንድ አፓርታማ ብቻ ሆነ፤ ለዚያም አጣዳፊና አስገዳጅ ምክንያት ማስረዳት አለበት። ሕጉ የባለቤቱ ጥያቄ ቀደም ብሎ የቀረበ ቢሆንም እንኳ በቤቱ ውስጥ ያለን ተከራይ ሁሉ እንዲጠብቅ ተደንግጓል። ሌላው ክፍሉ ያለአግባብ የተከፈለ ኪራይ የሚጣራበትን የአራት ዓመት ገደብ ወደ ስድስት አሳደገ፤ ከዚያም በላይ ወደኋላ እንዲታይ ፈቀደ።

የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2020፣ ሬጂና ሜትሮፖሊታን በተባለው መዝገብ፣ ይህ ሁለተኛው ክፍል ከሕጉ በፊት በተሰበሰበ ኪራይ ላይ ሊሠራ አይችልም ሲል 4 ለ 3 ፈረደ። አከራዮች ከአራት ዓመት በላይ የቆየ ሰነድ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ በሕግ ተፈቅዶላቸው የጣሉትን ወረቀት አምጡ ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ይጠይቃል።

በሰነዱ ረገድ ይህ አሳማኝ ነው። በገንዘቡ ረገድ ግን ይላላል፤ ከሕጋዊው ጣሪያ በላይ ኪራይ መሰብሰብ ቀድሞም የተከለከለ ነበርና፣ አከራዩ የተማመነው በይርጋው እንጂ በመብቱ አልነበረም።

ፍርዱ የማስለቀቅ ድንጋጌውን አልመረመረም። ተስፋን በእጅ ከገባ ነገር የሚለየው መለኪያ ወደዚያ ከተወሰደ ግን የማስለቀቅ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሰጠ ባለቤት የ1921ዱን አከራዮች ይመስላል፤ የመጨረሻ ፍርድ አግኝቶ አፈጻጸም የሚጠብቅ ባለቤት ግን ከተስፋ የበለጠ ነገር ይዟል። አስቸጋሪው መሃል ያለው ነው፦ ክሱ ተሰምቶ ያላለቀ፣ ሌሎቹን አፓርታማዎች በቀድሞው ሕግ አስለቅቆ አንድ አፓርታማ ብቻ የቀረው ባለቤት። ለእሱ የ1921ዱም ሆነ የ2020ው ፍርድ ቀጥተኛ መልስ አይሰጥም።