የምስክር ወረቀቱና የሥራው ገበያ፤ የኮደሮች ትምህርት ከመተማ ሲታይ

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተሰኘውን የኢንተርኔት ትምህርት ከፍቷል። ትምህርቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የሚቀርበውም ዩዳሲቲ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት አማካይነት ነው። ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ትንተናና የአንድሮይድ አፕ ሥራ ከትምህርቱ ዓይነቶች መካከል ሲሆኑ፣ ያጠናቀቀ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ዓላማው ወጣቱን ለሥራ ማብቃት እንደሆነ ተነግሯል። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱን በዚሁ በራሱ ዓላማ ይመዝናል። ለመመዘኛነት የተመረጠው ቦታ ግን አዲስ አበባ ሳይሆን መተማ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ባንኩ፣ ቴሌው፣ የሶፍትዌር ድርጅቱ ቅርብ በመሆኑ የምስክር ወረቀቱን የሚያነብ ቀጣሪ አይታጣም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ኑሮው የቆመው በሰሊጥ፣ በጥጥና ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቢዘገዩበት ፍሬው ስለሚረግፍ አጨዳው ቀጠሮ አያውቅም። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሚዛን የሚይዘው፣ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ በጉምሩክ ደጃፍ ሰነድ ይዞ የሚመላለሰው ትራንዚተር፤ በዚያ አገር ሥራ ማለት ይህ ነው። «ፕሮግራመር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ በገንዳ ውኃ ግድግዳ ላይ ለማየት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

የኢንተርኔት ሥራ ወሰን ስለሌለው በመተማ ዮሐንስ የተቀመጠ ወጣት ለናይሮቢም ለዱባይም ሊሠራ ይችላል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አስቀድሞ መስመሩ መኖር አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ቦታዎች ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። መስመሩ ሲቋረጥ ተማሪው አንድ ትምህርት ያመልጠዋል፤ ለሩቅ ቀጣሪ ቃል የገባው ሠራተኛ ግን ስሙን ያጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የመሣሪያውና የቋንቋው ጉዳይ ይመጣል። የቆላው ወጣት በእጁ ያለው ስልክ ነው። ቪዲዮውን በስልክ ማየት ይቻላል፤ የአንድሮይድ አፕ በደንቡ የሚሠራው ግን በኮምፒዩተር ላይ ነው። ስለዚህ ስልክ ብቻ ያለው ተማሪ ዋና ሳይነካ የዋናን ትምህርት እንደሚያዳምጥ ሰው ይሆናል። የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,000 ያህል ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደርሷል። ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የቀረውና ይህ ነፃ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ ሊጠቅመው የሚገባው ወጣት በአብዛኛው ከቀሪዎቹ ወገን ነው። እርሱን በእንግሊዝኛ ቪዲዮ ፊት ብቻውን አስቀምጦ በሩ ተከፍቶልሃል ማለት በቂ ሆኖ አይታይም።

ብቻውን የሚማር ሰው እንዴት እንደሚሆን በሌላው ዓለም ታይቷል። ጀስቲን ራይክና ሆሴ ሩይፔሬዝ ቫሊዬንቴ የተባሉ ተመራማሪዎች የሀርቫርድንና የኤምአይቲን ነፃ የኢንተርኔት ትምህርቶች መርምረው በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ2017–18 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት ሁሉ ያጠናቀቁት 3.13 በመቶ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከተመዝጋቢዎቹም የሚበዙት በሀብታም አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። እንግዲህ የተመዝጋቢን ቁጥር ብቻ እያሰሙ ማወደስ የተዘራውን ቆጥሮ ምርት ነው እንደማለት ነው።

የጸሐፊው ዋና ቅሬታ ግን ከዚህ ይለያል። ትምህርቱ የመተማን ሥራ አያውቀውም። በ2017 እ.ኤ.አ. ከዱባይ ለዓረቡ ዓለም የተጀመረው የ1 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ታናሽ ወንድም ስለሆነ፣ ለብዙ አገር በአንድነት እንዲያገለግል ተደርጎ የተሰፋ ልብስ ነው። የዳታ ትንተናውን ብንወስድ ከቆላው ሥራ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማ ሰሊጥ በደረጃና በሚዛን ሲቀበል ኖሯል። የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የጉምሩክን ሰነድ ወደ ኮምፒዩተር አዛውሯል። የሦስት ዓመት ዋጋ፣ የኩንታል ብዛት፣ የደረጃ ልዩነትና የመኪና ኪራይ በአንድ ሠንጠረዥ አሰናድቶ «በጥቅምት ከመሸጥ እስከ ጥር መቆየት ይህን ያህል ያተርፋል፣ ወይም ይህን ያህል ያከስራል» ብሎ ለገበሬው ማኅበር ማስረዳት የሚችል ወጣት የምስክር ወረቀት ሳያሳይ ይቀጠራል። ለትራንዚተሩም እንዲሁ። ይህ መልመጃ በትምህርቱ ውስጥ የለም፤ ለመጨመር ግን ዩዳሲቲን መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የቴክኒክና ሙያ መምህርና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ አብረው ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ዩኔስኮ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮጵያንና ሱዳንን ጨምሮ በ11 አገሮች ከሥራ ጋር የተያያዘ የጎልማሶች ትምህርት ሞክሮ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ግምገማ ካነሣቸው ነቀፌታዎች አንዱ ትምህርቱ ሰውን ከምርት መሣሪያነት አሳልፎ አላየውም የሚል ነበር። የመተማ ልጅ ሰሊጥ ብቻ ይማር፣ የአዲስ አበባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማር ቢባል ያንኑ ስሕተት መድገም ይሆናል። ሰሊጡ መግቢያ በር ይሁን፤ ግድግዳ አይሁን።

በአንጻሩ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሌላ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ሰውን በሚናገረው ቋንቋ፣ በቡድን፣ ጥያቄ በሚመልስ ሰው ፊት ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። በመጨረሻም በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። የዛሬው ትምህርት ከዚያ ሊወስድ የሚችለው ብዙ ነው፤ ለያንዳንዱ ክፍል የአማርኛ መምሪያ ጽሑፍ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የማታ ጥናት፣ መስመር ሲቋረጥ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጥ ቪዲዮ።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። ከአረም እስከ አጨዳ፣ ማለትም ከሐምሌ እስከ ኅዳር፣ የቆላው ወጣት በማሳ ላይ ነው፤ የዓመቱን ገንዘብ የሚያገኘው ያኔ ነው። የጥናት ቡድን በመተማ የሚቋቋም ከሆነ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መሆን ይኖርበታል።