ስእለትና መንገድ፦ የአብነት ተማሪው በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

1. መነሻ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል። ሂሱ በአመዛኙ ሁለት አቅጣጫ ይይዛል። አንደኛው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው የባላባቱን ሥርዓት፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢትና የጉዱ ካሣን ነቀፋ ይመረምራል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በዛብህ አፍቃሪ ከመሆኑ በፊት ተማሪ እንደ ነበረ ሁለቱም ፈጥነው ያልፉታል። ተማሪነቱ ወደ ፊታውራሪ ግቢ እስኪደርስ ድረስ የሚያገለግል መንደርደሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተማሪነቱን ወደ መኻል አምጥቶ ማየት ነው። የሚነሣውም ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ በልቦለዱ ውስጥ በዛብህን የሚያጠፋው የቤተ ክህነት ትምህርት ነውን? ወይስ ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ የመጣ፣ ነገር ግን ትምህርት ያልሆነ ሌላ ነገር አለ?

2. መንገዱ

መቼቱ ለጥያቄው መልስ ፍንጭ ይሰጣል። በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ማንኩሳ ከጮቄ ተራራ በስተ ምዕራብ ትገኛለች፤ ታሪኩ የሚከርበት ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ በስተ ምሥራቅ፣ በቢቸና አካባቢ ነው። ይህ ምርጫ ድንገተኛ አይደለም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው አገር ገዳማትና ጉባኤ ቤቶች የተቀራረቡበት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ እያሉ መቍጠር ይቻላል። ከሞጣ ወዲያ ሲታለፍ ስሙ ከዋድላና ከዋሸራ ጋር የሚጠራው የጎንጅ የቅኔ ቤት አለ። ደራሲው ራሱ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልዶ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በደብረ ኤልያስና በዲማ የተማረ በመሆኑ፣ ይህን አገር የሚያውቀው በእግሩ ነው።

የአብነት ትምህርት ያለ መንገድ አይታሰብም። ንባብ በአንዱ ደብር፣ ዜማ በሌላው፣ ቅኔ በሦስተኛው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ በአራተኛው ይገኛል። ተማሪው የሚሄደው መምህር ፍለጋ ነው፤ የመምህሩ ዝና ከሞጣ ቢሰማ ወደ ሞጣ፣ ከዲማ ቢሰማ ወደ ዲማ ይገሠግሣል። በመሆኑም መንገዱ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው። ተማሪው ከቀዬው ሲወጣ የእገሌ ልጅ መባሉ ይቀርና በመምህሩና በሙያው ይጠራል። የገበሬ ልጅም ሆነ የባላባት ልጅ ከየኔታ ፊት እኩል ቁጭ ይላል።

ልቦለዱ በዚህ ረገድ የሚያሳየን ትልቅ ነገር አለ። የቦጋለ መብራቱ ልጅ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባበት ሌላ በር አልነበረውም። በጋሻ ጃግሬነት ቢገባ ኖሮ ከሰብለ ወንጌል ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ፊደል የሚያስቆጥርበት ወግ አያገኝም። በሩን የከፈተለት ዕውቀቱ ነው። እንግዲህ የቤተ ክህነቱ ትምህርት የተዋረደ የሚባለውን ሰው ከፍ የሚያደርግ፣ በዘመኑ ከነበሩት ጥቂት መሰላሎች አንዱ ሆኖ ይታያል። የፊታውራሪው ቤት ያንን መሰላል ለአገልግሎት ይቀበለዋል፤ ለጋብቻ ግን አይቀበለውም። ከግጭቱ ምንጮች አንዱ ይህ ነው።

3. ዕለታዊው ኑሮ

ተማሪው በቀን በቀን ምን ይሠራል? የቅኔ ተማሪ ከሆነ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፤ ይነቅፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያወድሳል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያገኘውን ኩርማን እንጀራ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል።

ይህ ልመና በተለምዶ ትሕትና ማስተማሪያ ተብሎ ይተረጐማል። ትርጓሜው ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። የአብነት ትምህርት ወጪ በብዙው የሚሸፈነው በየመንደሩ ባለችው ባልቴትና በገበሬው ሞሰብ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ተጨማሪ ግብር የሚጠይቀው ያው ገበሬ፣ ማታ ማታ ለተማሪ የሚዘግን ነው። አበጀ በለው እየመራቸው በፊታውራሪው ላይ የተነሡት ባላገሮችና በዛብህን አብልተው ያስተማሩት ባላገሮች አንድ ወገን ናቸው። ልቦለዱ ሁለቱን ክሮች በየፊናቸው ይፈትላቸዋል እንጂ አጥብቆ አይቋጥራቸውም። የትረካው ሚዛን ወደ ፊታውራሪው ግቢ ስለሚያደላ የተማሪው ረኃብ፣ ቅማልና ቍስል፣ የጎጆው ሣቅና ቀልድ በአጭሩ ይታለፋሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ይህ የመጽሐፉ ጉድለት ነው።

ጉድለቱ ይበልጥ የሚታየው መጽሐፉ ከ«መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ጋር ሲነጻጸር ነው። አለቃ ለማ በቃል የተረኩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ መዝግቦ በ1959 ዓ.ም. አሳትሞታል። በአንድ ዓመት ልዩነት የወጡት ሁለቱ መጻሕፍት የቤተ ክህነቱን ሰው በሁለት መንገድ ያቀርቡታል። አለቃ ለማ በተረብና በጨዋታ ያስታውሳሉ፤ ሐዲስ በሐዘን ያስባል። በአንደኛው ውስጥ መምህራንና ጓደኞች እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ በሁለተኛው ተማሪው ብቸኛ ነው።

4. ስእለቱ

ንጽጽሩ ሌላም ቁም ነገር ያስገነዝባል። አለቃ ለማ ተምረዋል፣ አግብተዋል፣ ወልደዋል። ደብተራም፣ መሪጌታም፣ ቄስም ትዳር ይይዛል፤ ምንኵስና ለመረጠ ሰው የተለየ መንገድ ነው። ስለዚህ ቅኔና ዜማ መማር በራሱ በዛብህን ከሰብለ አይለየውም። የሚለየው ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት ነው። ልጃቸው እንዲተርፍላቸው የተጨነቁት ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ለእግዚአብሔር ሰጡት። ስእለቱ የፍቅር ስእለት ነው፤ ክፋት የለበትም። የስእለቱ ባለቤት ግን በተሳሉለት ጊዜ አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። በልማድ እንደሚታወቀው ብዙ የቆሎ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጠፍተው የሚሄዱ ናቸው። ከብት ጠብቅ፣ እርሻ እረስ የሚለውን አባት ጥሎ፣ አንድ ሌሊት ከሚያልፉ ተማሪዎች ጋር መኮብለል የተማሪነት መጀመሪያ ነው። የአብነት ተማሪ ማለት በመሠረቱ መንገዱን ራሱ የመረጠ ሰው ነው። በዛብህ ግን አልጠፋም፤ ተሰጠ። መልኩ የተማሪ፣ ዕጣው የስጦታ ነው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ ሰሙ ተማሪነት፣ ወርቁ ስእለት ሆኖ አድጓል። ሌሎች ወርቁን ከሰሙ ሲፈለቅቁ ይውላሉ፤ እርሱ በገዛ ሕይወቱ ያለውን ለመፈልቀቅ ዕድሜው አልበቃውም።

እምነቱም የሚፈተነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በዛብህ እግዚአብሔርን አልካደም። የሚያስጨንቀው ጥያቄ የእግዚአብሔርን መኖር ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በእርሱ ስም የገባውን ቃል አምላክ ይቀበላል ወይ የሚል ነው። ጉዱ ካሣ ልማድን በሚነቅፍበት ጊዜ ጥያቄውን በአደባባይ ያነሣዋል፤ በዛብህ ግን በልቡ ይዞት ይዞራል። ሁለቱን ገጸ ባሕርያት እንዲፈላለጉ የሚያደርጋቸውም ይኸው ይመስለናል።

መደምደሚያው ከዚህ አንጻር ሲታይ ሌላ ትርጕም ይሰጣል። በዛብህ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሲመለስ በወንበዴ እጅ ይወድቃል። የቅኔ ተማሪ ይዘርፋል እንጂ አይዘረፍም፤ አኩፋዳ ያነገበውን መንገዱ ራሱ ይጠብቀዋል። በዛብህ የተጠቃው ከተማሪነት ወጥቶ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በተጓዘበት ሰዓት ነው። በአንጻሩ ከአባቷ ግቢ ወጥታ የማታውቀው ሰብለ ወንጌል የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ ትነሣለች። የተማሪውን መንገድ እርሷ ትጓዘዋለች። እርሱ ካለፈ በኋላም የምትመነኵሰው እርሷ ናት። ማንም ያልተሳለባት ሴት የሌላውን ስእለት ፈጸመች፤ ልዩነቱ ግን በገዛ ፈቃዷ መሆኑ ነው። ሐዲስ ምንኵስናን አላወገዘም። ምንኵስና ምርጫ ሲሆንና ዕዳ ሲሆን ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየን።

5. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቤተ ክህነትን ትምህርት የሚከስ ልቦለድ ነው የሚለው አስተያየት እርማት ይሻል። ክሱ የሚያነጣጥረው በሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ የሰውን ልጅ በዘሩ በሚመዝነው ባላባትና ልጅን ሳይጠይቅ በሚሰጥ ወላጅ ላይ። በሁለቱ መካከል የቆመው ትምህርት ግን ለገበሬው ልጅ መንገድም፣ ቋንቋም፣ ክብርም የሰጠ ነው። ይህን ባለማስተዋል መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከዲማና ከደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች የወጣውን ደራሲ ራሱን ሳያውቅ ያልፈዋል።

ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በራድዮ በተረከው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረው ባላገር ሁሉ ሰምቶ አልቅሷል። ያ አድማጭ ለተማሪ አንድ ኩርማን እንጀራ ሰጥቶ ያውቃል። በዛብህ ለእርሱ ማታ ማታ ከደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይል የነበረው ልጅ ነው። የሂስ ጸሐፊዎችም መጽሐፉን ከዚያ ደጃፍ ቆመው እንደገና ቢያነቡት የሚያተርፉ ይመስለናል።